በወርድ ጽሑፍን የመስታወት ግልባጭ ማድረግ፦ ለቲሸርት፣ ለኩባያና ለባጃጅ መስታወት

ድሬዳዋ ላይ የሰርግ ቲሸርት፣ የምርቃት ኩባያ ወይም የባጃጅ የኋላ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ጥቅስ የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ሳይገጥመው አይቀርም። ወረቀቱ ላይ ቀና ሆኖ የታተመው ጽሑፍ ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ተገልብጦ ይገኛል። መላው አስቀድሞ መገልበጥ ነው፤ ያኔ ሲያርፍ ይቃናል። ለዚህ ፎቶሾፕ ወይም ኮረልድሮው የግድ አያስፈልግም። ደብዳቤ የሚጻፍበት ማይክሮሶፍት ወርድ ከ2010 እትም ጀምሮ ይህን በደንብ ይሠራል። የሚያስቸግረው ትእዛዙ ሰው በሚጠብቀው ቦታ አለመቀመጡ ነው። «ፍሊፕ» የሚለውን ተጭኖ ጽሑፉ አልነቃነቅ ያለው ሰው፣ ወርድ ይህን አይችልም ብሎ ይተወዋል።

መገልበጥ ያለበትና የሌለበት

እዚህ ላይ ከተሳሳታችሁ ቀሪው ልፋት ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩን ሳትከፍቱ ወስኑ።

ለነጭና ፈካ ላለ ጨርቅ የሚሸጠው ትራንስፈር ወረቀት የታተመበት ፊት ወደ ጨርቁ ተደፍቶ ይተኮሳል፤ ስለዚህ ይገለበጣል። ለጥቁርና ለጠቆረ ጨርቅ የሚሸጠው ግን ጀርባው ተልጦ፣ ፊቱ ወደ ላይ እንደሆነ ነው የሚተኮሰው፤ እሱ አይገለበጥም። ሁለቱ ከማሸጊያቸው ከወጡ በኋላ በቀላሉ ስለሚምታቱ ማሸጊያውን አትጣሉ። በሰብሊሜሽን፣ ማለትም ቀለሙ በሙቀት ከወረቀት ወደ ዕቃው በሚሸጋገርበት ዘዴ፣ የሚታተም ኩባያና የፖሊስተር ማልያ ይገለበጣል። በሙቀት የሚጣበቅ ቪኒልም (በቅርጽ የሚቆረጥ ስስ ላስቲክ) ሲቆረጥ ተገልብጦ ነው። ማኅተምና የሲልክ ስክሪን ፊልም ለባለሙያ የምትሰጡ ከሆነ ግን ቀናውን ስጡ፤ መገልበጥ ካስፈለገ እሱ ራሱ ያደርገዋል። እናንተም እሱም ከገለበጣችሁት ተመልሶ ቀና ይሆናል፣ ማኅተሙም ተገልብጦ ይመታል።

የባጃጅና የሱቅ መስታወት ላይ ጥያቄው ከየት በኩል ይለጠፋል የሚለው ነው። ከውጭ የሚለጠፍ ስቲከር እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ቀና ነው። ከውስጥ ተለጥፎ ከውጭ እንዲነበብ የሚፈለገው ግን ይገለበጣል፤ የግድ ብርሃን የሚያሳልፍ ስቲከር ላይም መታተም አለበት። ነጭ ስቲከር ከውስጥ ከተለጠፈ ከውጭ የሚታየው ነጭ ጀርባው ብቻ ነው። ከውስጥ መለጠፉ አቧራና የእጥበት ጨርቅ እንዳይፍቀው ይረዳል። መስታወቱ ጥቁር ፊልም ያለበት ከሆነ ግን አትድከሙ፤ ከውጭ አይታይም።

አምቡላንስ ፊት ለፊት ላይ ተገልብጦ የሚጻፈውም በዚሁ ስሌት ነው፦ ከፊት የሚሄደው ሹፌር በስፖኪዮው ሲያየው ቀና ሆኖ ያነበዋል።

ፊደሉንና መጠኑን ማዘጋጀት

ለደብዳቤ የሚያምር ፊደል ለጨርቅ ላይሆን ይችላል። ኒያላ ቀጫጭን መስመሮች ስላሉት በትንሽ መጠን ሲተኮስ ጫፎቹ ይቆራረጣሉ። «ቦልድ» ብታደርጉትም ኮምፒውተሩ ከራሱ ያወፍረዋል እንጂ ለብቻው የተሠራ ወፍራም ቅርጽ የለውም። ኢብሪማ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣና የራሱ ወፍራም ቅርጽ ያለው ፊደል ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም በነጻ የሚወርድ ሲሆን ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ድረስ አለው። ለቲሸርትና ለቪኒል ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ከደረሳችሁ ግን እንደገና በዩኒኮድ ጻፉት፤ ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የላቲን ዝባዝንኬ ሆኖ ይከፈታል።

በወርድ የፊደል መጠን ዝርዝር 72 ላይ ያበቃል። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ሳጥኑ ውስጥ ቁጥሩን ራሳችሁ ጽፋችሁ ኢንተር ተጫኑ፤ እስከ 1638 ይቀበላል። ቁጥሩ በቀጥታ የፊደሉ ቁመት አይደለም፤ ከላይና ከታች የሚተወውን ክፍተት ይጨምራል። ስለዚህ በ100 ጽፋችሁ ተራ ወረቀት ላይ አትሙና በማስመሪያ ለኩት። 2 ሴንቲ ሜትር ከወጣና የምትፈልጉት 5 ከሆነ፣ 100ን በ5 አባዝታችሁ ለ2 ስታካፍሉ 250 ይመጣል። ኤ4 ወረቀት ስፋቱ 21፣ ቁመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ለረጅም ጽሑፍ በ«ሌይአውት» ስር «ኦሪየንቴሽን» የሚለውን «ላንድስኬፕ» አድርጉና ወረቀቱን አግድሙት።

አሠራሩ

1. አዲስ ሰነድ ክፈቱና ገና ከመጀመሪያው «ወርድ ዶክዩመንት» በሚለው ዓይነት አስቀምጡት። ከላይ ከፋይሉ ስም አጠገብ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚል ከታየ ፋይሉ በድሮው ዓይነት የተቀመጠ ነው፤ የምንፈልገው ትእዛዝም ደብዝዞ አልነካ ይላል። «ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ ከዚያ «ኮንቨርት» በሉት።

2. «ኢንሰርት» ውስጥ «ቴክስት ቦክስ»ን ተጫኑና ከታች ያለውን «ድሮው ቴክስት ቦክስ» ምረጡ። ከላይ የተደረደሩትን ያሸበረቁ ሳጥኖች ተዉአቸው፤ የራሳቸውን ቀለምና ጽሑፍ ይዘው መጥተው ኋላ ያስቸግራሉ። ማውዙን ጎትታችሁ ከሚያስፈልጋችሁ ሰፋ ያለ ሳጥን ሥሩ።

3. ጽሑፉን በቀናው ጻፉ። ፊደሉን፣ መጠኑን፣ ቀለሙን ጨርሱ፤ መስመሮቹን መሀል አሰልፉ። ወደ ግራ የተሰለፈ ጽሑፍ ሲገለበጥ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ መሀል ማድረጉ ግራ መጋባትን ያስቀራል። የፊደል ግድፈት የሚታረመው አሁን ነው። ደንበኛው ራሱ አንብቦ «ይሁን» እንዲል አድርጉ፤ ከተገለበጠ በኋላ ግድፈት ማየት ከባድ ነው።

4. የሳጥኑን ጠርዝ አንዴ ተጫኑ። ጠቋሚው ጽሑፉ መሀል ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ገና ጽሑፉ ውስጥ ናችሁ። ጠርዙ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «ፎርማት ሼፕ»ን ምረጡ። በቀኝ በኩል ረጅም መስኮት ይከፈታል።

5. በዚያ መስኮት «ሼፕ ኦፕሽንስ» ላይ መሆናችሁን አረጋግጡ፤ «ቴክስት ኦፕሽንስ» አጠገቡ ስላለ በቀላሉ ይምታታል። የቀለም ባልዲ ያለበትን ምልክት ተጭናችሁ «ፊል» ስር «ኖ ፊል»ን፣ «ላይን» ስር «ኖ ላይን»ን ምረጡ።

6. አምስት ማዕዘን ያለውን «ኢፌክትስ» ምልክት ተጫኑና «ስሪ-ዲ ሮቴሽን» የሚለውን ዘርጉ። «ኤክስ ሮቴሽን» ያለው ሳጥን ውስጥ ያለውን ቁጥር አጥፍታችሁ 180 ጻፉና ኢንተር ተጫኑ። በቀስቱ መጫን ዳር የለውም፤ ቁጥሩን መጻፍ ይሻላል። ዋይና ዜድ ዜሮ ላይ ይቆዩ።

ጽሑፉ ዞሮ ጀርባውን ይሰጣችኋል።

የሚበላሸውና ምክንያቱ

ከሁሉ በላይ ሰውን የሚያስደነግጠው ጽሑፉ ድራሹ ጠፍቶ ነጭ ወይም ባለቀለም ሳጥን ብቻ ሲቀር ነው። ወርድ ሳጥኑን እንደ ካርቶን ቁራጭ ነው ያዞረው፤ በ180 ዲግሪ ሲዞር የምናየው ጀርባውን ነው፣ ጀርባው ደግሞ ቀለም ካለው ፊቱ ላይ የተጻፈውን ይሸፍናል። «ኖ ፊል» ያስፈለገው ለዚህ ነው። አዲስ ቴክስት ቦክስ ሲሠራ ነጭ ቀለም ይዞ ስለሚመጣ ወረቀቱ ነጭ ነውና አይታወቅም፣ አምስተኛውን ደረጃ የሚዘልም ብዙ ነው። ከጽሑፉ ጀርባ ቀለም ካስፈለጋችሁ ሌላ አራት ማዕዘን ሥሩና «ሴንድ ቱ ባክ» ብላችሁ ከኋላው አስቀምጡት።

ኤክስ ላይ ሳይሆን ዋይ ላይ 180 ከጻፋችሁ ጽሑፉ ውኃ ውስጥ እንደታየ ጥላ በራሱ ላይ ይቆማል። ሁለቱም ላይ ከጻፋችሁ ደግሞ መገልበጡ ጭራሽ የለም፤ ወረቀቱን አዙራችሁ ብትይዙት በቀናው ይነበባል። ይህ ስህተት አታላይ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የተገለበጠ መስሎ ስለሚታይ የሚታወቀው ቲሸርቱ ላይ ነው።

ሳጥኑ ዞሮ ጽሑፉ ቀና ከቀረ፣ እዚያው «ስሪ-ዲ ሮቴሽን» ስር «ኪፕ ቴክስት ፍላት» የሚለው ምልክት ተደርጎበት እንደሆነ እዩና አንሱት። የመጨረሻው መስመር ከተቆረጠ ሳጥኑ ጠቦ ነው፤ ጠርዙን ጎትታችሁ አስፉት። ፊደሉ ጥላ ካለው ጥላውም አብሮ ስለሚዞር፣ ባይኖረው ይመረጣል።

አርማና ፎቶ አብሮ ሲኖር

ቲሸርቱ ላይ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን የቡድን አርማ ወይም የሙሽሮች ፎቶ ካለ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ መገልበጥ ያስታል። አርማው በጽሑፉ ግራ ከነበረ ሲገለበጥ በቀኙ መሆን አለበት፤ ይህን በእጅ ማስላት አያስፈልግም።

ሁሉንም በቀናው ደርድሩ። ሥዕሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ራፕ ቴክስት» ስር «ኢን ፍሮንት ኦፍ ቴክስት» በሉት፤ አለዚያ ከሌሎቹ ጋር አይጠቃለልም። ኮንትሮል ተጭናችሁ አንድ በአንድ ከመረጣችኋቸው በኋላ ራይት ክሊክ፣ «ግሩፕ»። ከዚያ ኮንትሮልና ኤክስ ቆርጣችሁ «ሆም» ውስጥ «ፔስት» ስር ያለችውን ቀስት ተጫኑና «ፔስት ስፔሻል» ግቡ። ፎቶ ከሌለበት «ኢንሃንስድ ሜታፋይል» የሚለው መስመሮቹን ጥርት አድርጎ ያቆያል፤ ፎቶ ካለበት «ፒኤንጂ» ምረጡ። አሁን አንድ ሥዕል ሆኗል። «ፒክቸር ፎርማት» ውስጥ «ሮቴት»፣ ከዚያ «ፍሊፕ ሆሪዞንታል»። እዚህ ላይ ፍሊፕ ይሠራል፤ ሥዕል ስለሆነ ጽሑፉ አብሮ ይዞራል።

ጉዳቱ፣ ሥዕል ከሆነ በኋላ ፊደል ማረም አይቻልም። ስለዚህ ቀናውን በሌላ ስም አስቀምጡ። ወርድ ፋይሉን ሲያስቀምጥ ፎቶዎችን የማመቅ ልማድም አለው፤ የተለመደው መጠኑ 220 ፒክሰል በኢንች ነው። ከዚያ በላይ ጥራት ያለው ፎቶ ከሆነ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «አድቫንስድ» ውስጥ «ኢሜጅ ሳይዝ ኤንድ ኳሊቲ» ከሚለው ስር ማመቁን የሚከለክለውን ምልክት አድርጉ። ምልክቱ የሚሠራው ለዚያ ፋይል ብቻ ነውና ሥዕሉን ከማስገባታችሁ በፊት አድርጉት።

በወርድ ፈንታ ሊብሬኦፊስ ያላችሁ «ድሮው» የሚለውን ክፍሉን ተጠቀሙ። ጽሑፉን ጽፋችሁ «ሼፕ» ውስጥ «ኮንቨርት»፣ «ቱ ከርቭ»፤ ከዚያ እዚያው «ፍሊፕ»፣ «ሆሪዞንታሊ»።

ፊደሉን ከኋላ ወደፊት መጻፍ ለምን አይሠራም

«ድሬዳዋ» የሚለውን «ዋዳሬድ» ብሎ ጽፎ ገለበጥኩ የሚል አለ። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ገልባጭ ገጾች ብዙዎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የተገለበጠው ተራው እንጂ ቅርጹ አይደለም። ሲተኮስ ቃሉ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፣ እያንዳንዱ ፊደል ግን ፊቱን ያዞራል። በዐረብኛ ደግሞ ይብሳል፤ ፊደሎቹ ከጎረቤታቸው ጋር እየተያያዙ መልካቸውን ስለሚቀይሩ ተራቸው ሲዛባ አያያዛቸውም ይበላሻል። በሳጥን መገልበጡ ግን ለአማርኛውም፣ በላቲን ለሚጻፉት ኦሮምኛና ሶማሊኛም፣ ለዐረብኛውም አንድ ነው። ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ያለ ሱቅ ታፔላውን በሦስት ፊደል ቢያጽፍ፣ ሦስቱም በአንድ 180 ይዞራሉ።

የእኛ ፊደል ግን አንድ ወጥመድ አለው። ብዙዎቹ የግዕዝ ፊደላት ግራና ቀኛቸው ይመሳሰላል፦ ሀ፣ ሠ፣ ሰ፣ በ፣ ወ፣ ዐ ቢገለበጡም ብዙ አይለወጡም። «ሰበሰበ» የሚል ጽሑፍ ሲገለበጥ በቀና የተጻፈ «በሰበሰ» ስለሚመስል፣ መገልበጡን ከፊደሎቹ ቅርጽ በአንድ እይታ መለየት አይቻልም። ከዚያ የሚከፋው ራብዕና ሳብዕ ነው። ባ ቀኝ እግሩ ይረዝማል፣ ቦ ግራው፤ ሳ ቀኙ፣ ሶ ግራው። ባ ሲገለበጥ ቦን ይመስላል፣ ሳም ሶን። ስለዚህ «ሳባ» የሚለው ስም በግልባጩ «ቦሶ» ሆኖ ይነበባል፤ ደንበኛው አይቶ «ስሜ ተሳስቷል» ቢል አይፈረድበትም። በተቃራኒው፣ ሳይገለበጥ የተተኮሰ «ሳባ» ቲሸርቱ ላይ ትክክለኛ ፊደል የሚመስል ሌላ ስም ይሆናል፤ ላቲን ላይም ትንሹ ቢ ዲ እንደሚሆነው፣ ትንሹ ፒም ኪው እንደሚሆነው።

መፈተኛ ስትፈልጉ በግልጽ ጎን የሚያዳሉ ፊደሎችን እዩ፦ ረ፣ ደ፣ ገ፣ የ፣ ከ። ጽሑፋችሁ ውስጥ ከነዚህ አንድም ከሌለ ከሳጥኑ ግርጌ በትንሹ «ገ» ጨምሩና ሳይተኮስ በመቀስ ቁረጡት።

ከመተኮስ በፊት ተራ ወረቀት ላይ አትማችሁ በጀርባው በኩል ወደ ብርሃን ይዛችሁ አንብቡ፤ ቀና ከተነበበ ልክ ነው። ሌላው መንገድ ስልክ ነው። የፊት ካሜራውን ክፈቱና ወረቀቱን ፊቱ ላይ ያዙት፤ ስክሪኑ ላይ በቀናው መነበብ አለበት። ፎቶ አታንሱ፤ ብዙ ስልኮች ያነሱትን ፎቶ መልሰው ስለሚያዞሩት ያሳስታችኋል።

ማተሚያው ላይ

ፕሪንተሩም መገልበጥ ይችላል፤ ዋናው ጣጣም ይኸው ነው። የኤፕሰን ፕሪንተር ማዘዣ ፕሮግራም (ድራይቨር) ውስጥ «ሚረር ኢሜጅ» የሚል ምልክት አለ። አንዳንድ ፕሪንተሮች የወረቀቱ ዓይነት «ቲሸርት ትራንስፈር» ወይም «አይረን-ኦን» ከተባለ ሳይነግሯችሁ ይገለብጣሉ። ወርድ ላይ ገልብጣችሁ ይህም ከበራ ውጤቱ ቀና ነው። አንዱን ምረጡ። ጽሑፉን የሚያትመው ሌላ ሱቅ ከሆነ ወርድ ላይ መገልበጡ ይሻላል፤ ለሠራተኛውም «ፋይሉ ተገልብጧል፣ እናንተ አትንኩት» በሉት። የፋይሉን ስም ራሱ «የተገለበጠ» ብትሉት የበለጠ ነው።

ቤት ውስጥ ከሆነና ሥራው ብዙ ከሆነ የፕሪንተሩ ምልክት ጊዜ ይቆጥባል። ሲያበቃ ማጥፋት ነው የሚረሳው፤ ያኔ ቀጥሎ የመጣው ደንበኛ ሲቪ ተገልብጦ ይወጣል።

በፍላሽ ወደ ማተሚያ ቤት ስትወስዱ ፒዲኤፍ አድርጉት። የወርድ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ከሌለ በሌላ ይተካል፣ መስመሩም ይፈርሳል። ፒዲኤፉን በ400 ፐርሰንት አጉልታችሁ የፊደሉን ጠርዝ እዩ፤ በስሪ-ዲ የተገለበጠ ጽሑፍ አንዳንዴ ጥርስ ያወጣል። ካወጣ ከላይ በተባለው የሜታፋይል መንገድ ሥሩት። ሲታተም «አክቹዋል ሳይዝ» ይሁን፤ «ፊት» ከተባለ መጠኑን ይቀንሰዋል፣ በማስመሪያ የለካችሁትም ያልፍበታል።

የሰብሊሜሽን ቀለም ወረቀቱ ላይ ደብዛዛ ሆኖ ቢወጣ አትደንግጡ፤ የሚደምቀው ሙቀት ሲያገኘው ነው። የሙቀቱን መጠንና ደቂቃውን ከወረቀቱ ማሸጊያ ላይ አንብቡ፤ ከወረቀት ወረቀት ይለያያል። በቤት ካውያ የምትተኩሱ ከሆነ እንፋሎቱን አጥፉ።

ለመስታወት ደግሞ ማለዳ ለጥፉ። ድሬ ላይ ከረፋዱ በኋላ ፀሐይ ላይ የቆመ የባጃጅ መስታወት ግሎ ስለሚገኝ ስቲከሩ እንደነካው ይይዛል፤ አንስቶ ማስተካከል አይቻልም፣ አየርም ይቋጥራል። ቪኒል ከሆነ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ያለበት ውኃ መስታወቱ ላይ ረጭታችሁ ለጥፉና ውኃውን ከመሀል ወደ ዳር በካርድ ግፉት። በቤት ፕሪንተር የታተመ ግልጽ ስቲከር ከሆነ ግን ብዙው ቀለም ውኃ ስለማይችል የታተመበት ፊት እንዳይነካው ተጠንቀቁ፤ እሱን ከአንድ ጠርዝ ጀምራችሁ በደረቁ፣ ጀርባውን ጥቂት በጥቂት እየላጣችሁ ለጥፉት።